ራፖላስ እባክህ ማለት የተማረበት ዓመት

ራፖላስ ገበታ ላይ ጨው እንኳ ጠይቆ አያውቅም። ጨው ሲያምረው ጨዉ ወደተቀመጠበት ያያል፤ አይቶ ዝም ይላል። ሚስቱ ኡርሹሌ ዓይኑ የት እንዳረፈ ተከትላ ታቀብለዋለች። አርባ ስምንት ዓመት እንዲህ ስታቀብለው ኖረች። የሺላጊሬ መንደር ሰው ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ሠርግ በመጣ ቁጥር ኡርሹሌ ከሴቶቹ ጋር ልትዘፍን እስክትነሣ ይጠብቅና ጨዉን ከጠረጴዛው ማዶ ያሸሸዋል። ራፖላስ አንገቱን ያሰግጋል፣ ያያል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ አልጫውን ድንች ይውጣል። "ምግቡ እንዴት ነው?" ሲሉት "ደህና ነው" ይላል። ሰዉም በሣቅ ይፈርሳል።

ነገሩ ከአባቱ የመጣ ነው። አባትየው ከሳይቤሪያ ግዞት ተፈትቶ ሲመለስ ቤቱን ሌላ ሰው ገብቶበት አገኘ። በገዛ ደጁ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "አንዲት ክፍል እንኳ ልቀቁልኝ" ብሎ ለመነ። በሩን ዘጉበት። ሰውየው ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀና ጫካው ጥግ ላይ በገዛ እጁ ቤት ሠራ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ማንንም ምንም አልጠየቀም። ራፖላስ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አጠገቡ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። አናጢነቱንም ዝምታውንም ከአባቱ ወረሰ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እሱም በዚህ ተጽናንቶ ዕድሜውን ገፋ።

ሚስት እንኳ ያገባው ሳይጠይቅ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ከጥድ ሣንቃ አንድ የተዋጣለት የንብ ቀፎ ሠራና በጋሪ ጭኖ ከኡርሹሌ አባት ደጅ አወረደው። ኡርሹሌ ድምፅ ሰምታ ወጣች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀፎ።"

"የማን?"

"ያንቺ።"

"እኔ ቀፎ አዘዝኩህ?"

ራፖላስ ጫማውን አየ። ኡርሹሌ ቀፎውን አየች፣ እሱን አየች፣ ሣቋን መቆጣጠር አቃታት።

"አንተ ሰውዬ፣ ልታገባኝ ፈልገህ ነው?"

"እንግዲህ" አለ ራፖላስ።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። ራፖላስ ሳይናገር ትዳር የያዘው ኡርሹሌ ለሁለት የሚበቃ አፍ ስለነበራት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀውን ሁሉ የምትጠይቀው እሷ ሆነች። መሰላል ሲጠፋ፣ የድንች ለቀማ ሰው ሲያስፈልግ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲያዝ፣ ኡርሹሌ መሐረቧን ታስርና ትወጣለች። "እስቲ እባካችሁ" ብላ ትጀምራለች፤ እንቢ ያላት ሰው አልነበረም።

ንቦቹም የእሷ ነበሩ፤ ከአባቷ ቤት የመጡ። በእኛ መንደር ንብ አይሸጥም፣ አይገዛም፤ የተገዛ ንብ አይበረክትም። ንብ የፈለገ ሰው ሄዶ ይጠይቃል። የሰጠውና የተቀበለው ከዚያ ቀን ጀምሮ የንብ ዘመዳሞች ይሆናሉ፤ የንብ ዝምድና ከሥጋ ዝምድና አያንስም። የጎረቤትህ መንጋ በራሱ ፈቃድ መጥቶ ቀፎህ ውስጥ ቢገባም ያው ነው፤ ንቦቹ መርጠውልሃልና ዘመዳሞች ናችሁ። ንብ ፊት ስድብ የለም፣ ጩኸት የለም። ንብ ስትሞትም እንደ ሰው "አረፈች" ይባልላታል።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ኢዚዶሪዩስ የራፖላስ የልጅነት ጓደኛ ነው። በአንድ ኩሬ ዋኝተው፣ ከአንድ ዛፍ ወድቀው ነው ያደጉት። ኡርሹሌ ባገባች ዓመት አባቷ ከንቦቹ ከፍሎ ለኢዚዶሪዩስ ቤትም ስለሰጠ የሁለቱ ግቢ ንቦች የአንድ እናት ዘር ነበሩ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ኡርሹሌ ቫሬና ከተማ እህቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ቀን፣ ከኢዚዶሪዩስ ግቢ አንድ መንጋ ተነሣና ራፖላስ በዋዜማው ሠርቶ በጨረሰው ባዶ ቀፎ ውስጥ ገባ።

ራፖላስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? "የሰው ንብረት ነው" ብሎ አመሻሽ ላይ ንቦቹን በጆንያ ሰበሰበና ኢዚዶሪዩስ ደጃፍ ላይ አስቀመጠለት። ጨዋነት መስሎት ነው። ኢዚዶሪዩስ ጠዋት በሩን ሲከፍት ጆንያውን አየና በቁሙ ደረቀ። በእኛ ዘንድ መንጋ መመለስ ማለት ዘመዴ አትሆንም ማለት ነው። አጥሩ ጋ መጥቶ፣

"አልፈልግህም ካልክ በአፍህ በለው፤ በጆንያ አትላክልኝ" አለ።

ራፖላስ "ያንተ ስለሆኑ እኮ ነው" ማለት ሲችል ምላሱን ዋጠ። ኡርሹሌ ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች። "አንተ ሰውዬ፣ የመጣ ዝምድና በጆንያ ይመለሳል?" አለችው። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አልተለዋወጡም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይቀመጣሉ።

ባለፈው ጥቅምት ኡርሹሌ አረፈች። ሕመሙ ከሆዷ ጀምሮ ቀስ በቀስ ጨረሳት። ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት ራፖላስን አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

"ስሞት ቀፎዎቹን አንኳኳና ንገራቸው" አለችው። "እመቤታችሁ ሞተች በላቸው። ከዚያ እባካችሁ ከእኔ ጋር ቆዩ ብለህ ጠይቃቸው። ጠይቃቸው ነው ያልኩህ፤ እንዳታዛቸው።"

"እሺ።"

"እባካችሁ በል።"

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

"አሁን በለው። ልስማው።"

ራፖላስ ወደ መስኮቱ ዞረ። ኡርሹሌ ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከቀብር መልስ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ ወደ ጓሮ ወጣ። ዘጠኙ ቀፎዎች በሰልፍ ቆመዋል። የመጀመሪያውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ከአጥሩ ማዶ ኢዚዶሪዩስ ቆሟል። ራፖላስ አየው። ለሣጥን እባክህ ሊል? በዚያ ላይ እሱ እያየው? ወደ ቀፎው ዞረና፣

"ኡርሹሌ ሞታለች። ሥራችሁን ቀጥሉ" አለ።

ለቀሩት ስምንቱም እንደዚያው አለና ቤቱ ገባ።

መጋቢት ላይ በረዶው ሲቀልጥ ወጥቶ ጆሮውን በየቀፎው ላይ ለጠፈ። ከዘጠኙ አንዱ እንኳ ድምፅ አልነበረውም። ክዳናቸውን ሲያነሣ ንቦቹ ወለሉ ላይ ረግፈዋል። ወሬው በምን እንደወጣ እንጃ፣ መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "በመኸር ስኳር ውሃ አልሰጣቸውም፣ የቀፎውን አፍ አላጠበበም፣ አይጥ ገባባቸው" አለ። ሌላው ግማሽ "ሐዘን ላይ ተቀምጠህ ሥራህን ቀጥል ብትባል አንተስ ትቆያለህ?" አለ። ራፖላስ አፉን አውጥቶ አይናገር እንጂ ከሁለተኛው ወገን ነበር። ንቦቹን ሰብስቦ ከጓሮው የበርች ዛፍ ሥር ቀበራቸው። አፈሩን መልሶ ሲያበቃ እዚያው ቁጭ አለና በሚስቱ ቀብር ላይ እንቢ ያለው ልቅሶ መጣለት።

አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የልቡን እያወቀች ስታቀርብለት ኖራ፣ ስትሞት አንዲት ነገር ጠየቀችው። ያችንም ነፈጋት። ሥጋውን የሚበላው ይህ ነበር። የአባቷ ንቦች ዘር አሁን በምድር ላይ የቀረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ከአጥሩ ማዶ ነው። አንዱን ቀፎ ለሁለት መክፈል የሚቻለው ደግሞ በግንቦት ነው። እስከዚያ ኢዚዶሪዩስን ካልጠየቀ ዓመቱ ያልፋል፣ ሁለቱም ሽማግሌዎች ናቸው፣ የሚቀጥለውን ማን ያውቃል?

በዚያው ሰሞን ነው ሱቅ መሄድ የጀመረው። ድሮ ሱቅ መሄድ የኡርሹሌ ሥራ ነበር። በመንደራችን ሱቅ የምትሠራው ሃሊና ናት፤ ጦርነቱ ከዩክሬን፣ ከኬርሶን ያፈናቀላት የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት። ቋንቋችንን ገና እየተማረች ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጀማሪዎች ትምህርት አላት፤ መጽሐፏ ሁልጊዜ ከሚዛኑ አጠገብ ተዘርግቶ ይገኛል። ራፖላስ ገብቶ ቆመና ጥቁሩን ዳቦ አየ።

ሃሊናም ዞራ ዳቦውን አየች። ዳቦው ምንም አልሆነም።

"ሻግቷል?" አለችው።

"የለም።"

"እና ምን ሆነ?"

ራፖላስ እንደገና አየው፤ አሁን ጠንከር አድርጎ።

"አጎቴ፣ እኔ ዓይን ማንበብ ገና አልተማርኩም" አለች ሃሊና። "የአፉንም ቢሆን ገና ምዕራፍ አራት ላይ ነኝ።"

"ዳቦ" አለ ራፖላስ።

ሃሊና መጽሐፏን ሳብ አደረገችና በጣቷ መስመሩን ተከትላ አነበበች። "ዳቦ ይስጡኝ፣ እባክዎ። እንደዚህ ነው የሚባል። 'ዳቦ' ብቻ ስህተት ነው። መምህሬ ቀይ ታደርግብኛለች።"

"የገዛ ቋንቋዬን ልታስተምሪኝ ነው?"

"ቋንቋውን እርስዎ ያውቁታል። እኔ የማውቀው 'እባክዎ'ን ነው።"

ራፖላስ ዳቦውን ሳይዝ ውልቅ ብሎ ሄደ። ማታ ያለ ዳቦ የበላው ሾርባ ግን አልወረደለትም። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቶ አረጋገጠና በአንድ ትንፋሽ፣

"ዳቦ ይስጡኝ እባክዎ" አለ።

ሲሰርቅ የተያዘ ይመስል ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሃሊና አጨበጨበችለት። "ከአሥር ስድስት" አለችው። "ቃሉ ጥሩ ነው፣ ፊትዎ ግን ተኮሳትሯል። ፊትዎ 'ካልሰጠሽኝ አቃጥልሻለሁ' ነው የሚለው።"

እንዲህ ተጀመረ። በየቀኑ ከሰዓት፣ ሱቁ ጭር ሲል፣ ራፖላስ ይመጣል። እሷ ታነባለች፣ እሱ ድምፀቷን ያቀናላታል፤ እሱ ይላል፣ እሷ ፊቱን ታቀናለታለች። መጽሐፉ ውስጥ ሁሉም ነገር በደረጃ ነው። ለጓደኛህ፣ ለወንድምህ "መዶሻህን ስጠኝማ" ትላለህ። ለማታውቀው ሰው "መስኮቱን ቢከፍቱት ቅር ይልዎታል?" ትላለህ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ለሹማምንትና ለትልቅ ጉዳይ የሚሆን፣ ከጫፍ እስከ ጫፉ ለመድረስ ሁለት ጊዜ መተንፈስ የሚያስፈልገው ዓረፍተ ነገር አለ።

"ይሄን ማንም ሰው ብሎት አያውቅም" አለ ራፖላስ።

"ከእርስዎ አፍ ምን ተብሎ ያውቃል?" አለች ሃሊና።

ራፖላስ ሣቀ። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያው ሣቁ ነበር፤ ሃሊናም ገብቷት ወደ መጽሐፏ አቀረቀረች።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቀን፣ "አጎቴ፣ ግን ይህን ሁሉ የሚለማመዱት ለዳቦ ብለው ነው?" አለችው።

ራፖላስ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ነገራት። ጆንያውን ነገራት፣ የኡርሹሌን አደራ ነገራት፣ "ሥራችሁን ቀጥሉ" ማለቱን ሳይደብቅ ነገራት። በሕይወቱ ይህን ያህል ረጅም ነገር ተናግሮ አያውቅም። ሃሊና ግማሹ ቃል ባይገባትም ነገሩ ሁሉ ገብቷታል፤ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች።

"እናቴ ኬርሶን ነው ያለችው" አለች። "በስልክ 'ነይ እባክሽ' እላታለሁ። 'ዶሮዎቼን ለማን ጥዬ?' ትለኛለች። በማግስቱ እንደገና 'ነይ እባክሽ' እላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ። እንቢ መባል ሰው አይገድልም፣ አጎቴ። ያማል። ግን አይገድልም። በማግስቱ እንደገና መጠየቅ ነው።"

"እኔ ሁለቴ አልችልም" አለ ራፖላስ።

"እንግዲያው አንዴውን በደንብ እናድርገው" አለችና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች።

ሁለት ሳምንት ተለማመደ። ጥድ ሲልግ ይለዋል፣ ሲላጭ ይለዋል። በግንቦት ሦስተኛው እሑድ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፤ ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ጥቁር ዳቦ በብብቱ ያዘ። አጥሩን መሻገር ሲችል በዋናው መንገድ ዞሮ በበሩ ገባ። ኢዚዶሪዩስ ቀፎዎቹ መሐል ቆሞ፣ የማር እንጀራ የያዘ አንድ ፍሬም ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ አስጠግቶ ያገላብጠዋል። ራፖላስ ባርኔጣውን አወለቀ። ሲያወልቅ አባቱ በዚያ በተዘጋ በር ፊት ቆሞ ታየው።

"የተከበሩ ጎረቤቴ" ብሎ ጀመረ፤ "ስለማስቸግርዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማይከብድዎ ከሆነ ከንቦችዎ ጥቂት ቢያካፍሉኝ እጅግ አድርጌ አመሰግንዎት ነበር።"

አንዲት ቃል አልሳተም። ሃሊና ብትሰማው ከአሥር አሥር ትሰጠው ነበር።

ኢዚዶሪዩስ ፍሬሙን ቀስ ብሎ አወረደ። "ማን ነው እሱ?"

"እኔ ነኝ። ራፖላስ።"

"ድምፁ የራፖላስ ነው። ንግግሩ ግን የግብር መሥሪያ ቤት ነው።"

"በትሕትና ልጠይቅ ብዬ..."

"እርስዎ? እኔን?" ኢዚዶሪዩስ ጮኸ፤ ንብ ፊት መሆኑ ትዝ ሲለው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ንዴቱ ግን ከፍ አለ። "ራቁታችንን አንድ ኩሬ የገባን፣ የወተት ጥርሴን በድንጋይ ያወለቅክ ሰውዬ፣ አሥራ አምስት ዓመት ዘግተኸኝ ስታበቃ እርስዎ ልትለኝ መጣህ? ያኔ በጆንያ መለስከኝ፤ ዛሬ ደግሞ በክብር ልትመልሰኝ ነው? ሂድ ወዲያ! እሱን ለቄሱ በለው!"

እኛ እንዲህ ነን። ባዕድ ሰው አንተ ቢለን ደማችን ይፈላል፤ የገዛ ጓደኛችን እርስዎ ካለን ግን ሞተሃል እንዳለን እንቆጥረዋለን። ሃሊና ይህን ልታውቅ አትችልም፤ ራፖላስ ያውቅ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አሳተውና ለማያውቀው ሰው የሚባለውን ወስዶ ለኢዚዶሪዩስ ሰጠው።

ዞሮ ሄደ። በሩ ጋ ደርሶ መወርወሪያውን ያዘ። አንዴውን ጠይቋል፤ እንቢ ተብሏል፤ አለቀ። ግን እጁ በሩን አልከፍት አለው። በአባቱ ጊዜ በር ዘግተውበታል፤ እዚህ ግን በሩን ሊዘጋ የተዘጋጀው እሱ ራሱ ነው። ከኋላው ኢዚዶሪዩስ ያጉረመርማል፤ ሲያጉረመርም እንኳ ድምፁ የድሮው ድምፅ ነው። ራፖላስ ሳይዞር፣

"ኢዚዶሪዩስ" አለ።

"ምን?"

"ንብ ስጠኝ።"

ማጉረምረሙ ቆመ።

"እባክህ" አለ ራፖላስ። አሁን ዞረ። "የኡርሹሌን ንቦች ፈጀኋቸው። ጠይቃቸው አለችኝ፣ እኔ አዘዝኳቸው። እባክህ፣ ከሷ ንቦች የቀሩት ያንተዎቹ ናቸው። ያኔም ጆንያውን... ያንተ ስለሆኑ ብዬ ነው እንጂ ጠልቼህ አልነበረም። ይህን ለመናገር አሥራ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ይቅር በለኝ።"

ኢዚዶሪዩስ ፍሬሙን ቀፎው ላይ አስቀመጠ። በእጁ ወደ ኋላው ዳብሶ ጉቶ አገኘና ተቀመጠ።

"ና ተቀመጥ" አለ። "ምን ይዘሃል? ዳቦ ይሸተኛል።"

"ዳቦ ነው።"

"ቁረስ።"

ተቀምጠው ዳቦውን በሉ። ኢዚዶሪዩስ እያኘከ፣ "ብሰጥህ ደስ ይለኛል" አለ። "ግን አልችልም።"

"ለምን?"

"ቀፎ ለመክፈል ንግሥቷ የት እንዳለች፣ እንቁላሉ የትኛው ፍሬም ላይ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። እኔ አላይም፣ ራፖላስ።"

"እንዴት አታይም?"

"አራት ዓመቴ። ጥላ ጥላ ይመስለኛል እንጂ አይለይልኝም። አንተንም በድምፅህ ነው ያወቅኩህ። አሁን እንኳ ፍሬሙን አንሥቼ የማገላብጠው ምናልባት ዛሬ ይታየኝ ይሆናል ብዬ ነው።"

"ታዲያ እስካሁን እንዴት ያዝካቸው?"

ኢዚዶሪዩስ ጉልበቱ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ አራገፈ። "በኡርሹሌ" አለ።

ኡርሹሌ በግንቦትና በሰኔ በሳምንት ሁለት ቀን "የመቃብር አበባ ላጠጣ" ብላ ትወጣ ነበር። አበባውንም ታጠጣለች፤ ከዚያ በጫካው በኩል ዞራ እዚህ ትመጣለች። ፍሬሞቹን አንድ በአንድ እያነሣች "እዚህ እንቁላል አለ፣ እዚህ የለም፣ ንግሥቷ ይቺትና" ትለዋለች። ሦስት በጋ ሙሉ የኢዚዶሪዩስ ዓይን ሆና ነበር። ዘንድሮ ግን የመጣ የለም።

ራፖላስ መቆጣት ፈለገ፤ ቁጣው አልመጣለትም። የመጣለት ናፍቆት ብቻ ነበር፤ ለካ እሱ የማያውቀው ነገር ነበራት፣ ያም ነገር እንዲህ ደግ ነበር።

"ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?" አለ።

"እኔም እንደዚያው ብያት ነበር። ሰውዬሽ አናጢ ነው፣ ዓይኑ ደህና ነው፣ ንገሪውና ይምጣ አልኳት። ምን አለችኝ መሰለህ? 'ብትጠይቀው ይመጣል፤ ግን ራስህ ጠይቀው' አለችኝ። 'እሱን በሕይወቱ ፊት ለፊት የጠየቀው ሰው የለም። ሰዉ ሁሉ የሚፈልገውን ለእኔ ነው የሚነግረኝ። እኔም ብሆን ሳልጠይቀው ስለሚሠራልኝ ጠይቄው አላውቅም። አንድ ሰው ቢጠይቀው እንዴት ደስ ባለው' አለችኝ።"

"አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ፈራሁ። ጆንያው ትዝ አለኝ። ክረምትና በጋ አጥሩ ጋ ሄጄ እቆማለሁ፣ ጓሮ ስትወጣ ኮቴህን እሰማለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ። በቀብሯ ቀን እንኳ ቆሜ ነበር።"

ራፖላስ በቀብሩ ቀን እያየኝ ነው ብሎ ያፈረው ሰው ሊለምነው የቆመ ዓይነ ስውር መሆኑን አሁን ገና አወቀ። 

ኢዚዶሪዩስ ፊቱን ወደ ራፖላስ አዞረ፤ ትንሽ ስቶ ወደ ትከሻው ነው ያዞረው።

"እንግዲህ አንተ ከደፈርክ እኔም ልድፈር" አለ። "ጠዋት ጠዋት እየመጣህ ዓይን ሁነኝ። እባክህ፣ ራፖላስ። ካለዚያ ይሄን በጋ አይዘልቁልኝም።"

ራፖላስ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። መለመን ሰውን እንደሚያሳንስ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሲያምን ኖሯል። የተለመነ ሰው ደረቱ ውስጥ እንዲህ እንደሚሞቀው ግን የነገረው አልነበረም።  ተነሣና ኢዚዶሪዩስ ቀፎው ላይ የተወውን ፍሬም በሁለት እጁ አነሣ። ንቦቹ ጣቶቹ ላይ ወጡ፤ አልነደፉትም። ኢዚዶሪዩስ ፍሬሙ ሲነሣ ሰምቶ ቀና አለ።

"ፀሐዩን ከትከሻህ በስተኋላ አድርገው" አለው። "ከየጉድጓዱ ሥር ተመልከት። እንቁላሏ ከክር ቁራጭ የምታንስ ነጭ ነገር ናት። አለች?"

ራፖላስ ፍሬሙን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

"አለች ወይስ የለችም?"

"ቆይ" አለ ራፖላስ፣ ዓይኑን በነጩ ሸሚዝ እጅጌ እየጠረገ። "አሁን እኔም አይታየኝም።"